ሁለት ቋጠሮ ሰሊጥ

ኮኪት፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንች፤ ጎንደር።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። በሬ እጠምዳለሁ፤ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ አጥሬን ራሴ አጥራለሁ። ሽሮዬን እሠራለሁ፤ ቢያርም እበላዋለሁ። ዘንድሮም ስምንት ሄክታር ሰሊጥ አስዘርቻለሁ፤ ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም የወረዱትን አሥራ አንድ ሳሉጎች ቆሜ የማሠራቸው እኔው ነኝ። ይህንም ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ የቆጠርኳትን ፊደል እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። እንግዲህ «ማን እየረዳዎት ነው?» ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው፦ ማንም።

ሰላምታ ሳላቀርብ ነገር ጀመርኩ፤ ይቅር በይኝ። እንደምን ከርመሻል? አክስትሽ እየሩስ እንደምን ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዳልቻዋ ላም ወለደች፤ ወንድ ነው። ዝናቡም በጊዜው ገብቷል።

አሁን ወደ ነገሬ። አክስቴን ለሁለት ሳምንት ልጠይቅ ብለሽ የሄድሽው ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ ገባ። እናትሽ ባፈናዬ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት የቀረነው እኔና አንቺ ነበርን፤ አሁን ድምፅ የሚያሰማው ዶሮው ብቻ ነው። ይህን የምለው እንድትመለሺ ብዬ አይደለም። ግን ሁለት ሳምንት እንዴት ሁለት ወር እንደሚሆን አልገባኝም።

ዛሬ ደግሞ አብዱረሕማን ከጭነት መኪናው ወርዶ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። ኮሌጅ ያለ አንድ መምህር የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ሰጠኝ ትያለሽ። ፈተና አይደለም፣ ምዝገባ አይደለም፣ ሥራ መቀጠርም አይደለም፤ ስለ ትምህርቱ ልጠይቀው ብቻ ነው፣ የሚከፈልም ነገር የለም ትያለሽ። ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር አንድ ሰዓቱን በነፃ የሰጠኝ ሰው አላጋጠመኝም። ከሱዳን፣ ከገላባት የሚሻገር ነጋዴ ሻይ ከጋበዘሽ ሻዩን ተይውና ሚዛኑን እይ። ጆንያ ከመገዛቱ በፊት በብረት ይወጋል፣ ጥቂት ይወሰዳል፣ በእጅ መዳፍ ላይ ይታያል። ሰውዬው አንቺን እየወጋ እንዳይሆን።

ትምህርቱም ራሱ ምን እንደሆነ አጣርቻለሁ። የቅባት እህል ጥራት መመርመር ነው። ማለት ጆንያ ወጊ ልትሆኚ ነው። ባለፈው ኅዳር ገንዳ ውሃ፣ መጋዘኑ በር ላይ፣ ገብረማርያም አርባ ጆንያ ሰሊጤን ወግቶ «አፈር አለበት፣ ጥቁር ፍሬ አለበት፣ ሦስተኛ ደረጃ» ሲለኝ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። በሕዝብ ፊት «ሌባ!» ስለውም ሰምተሻል። አንቺ ያን ቀን ዝም አልሽ። እስከ አሁን የድካም ዝምታ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያ ዝምታሽ ያሳስበኛል።

ስልክ ልደውል ያልሽውን ተዪው። ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲመጣም የሚሰማው ሰው ብዙ ነው። ጻፊ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አባትሽ ትዕዛዙ አለነ

ጎንደር፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ትዕዛዙ አለነ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔም እቴቴ እየሩስም ደህና ነን። ሁለት ሳምንት ብዬ መቆየቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምክንያቱን ፊት ለፊት ብነግርዎት ይሻል ነበር፤ ፈራሁ።

መምህሩ አሸናፊ ይባላሉ። ባለትዳር ናቸው፤ ይህን መጠየቅዎ ስለማይቀር ቀድሜ ነገርኩዎት። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመቴን ከመስጠቴ በፊት ሥራው ውስጥ የኖረ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ ማንም አልጠራኝም። ራሴ በራቸውን አንኳኩቼ ለመንኳቸው። ለነሐሴ 6 ቀጠሩኝ።

ደብተር ገዝቼ የምጠይቃቸውን እየጻፍኩ ነው። ስምንት ጥያቄ አለኝ፤ ሁሉም የተማሪ ጥያቄ ነው። የገበሬ ጥያቄ ጎደለኝ። አባቴ፣ ጆንያዎ ሲወጋ ቆመው ሳሉ ምን መጠየቅ ያምርዎታል? እሱን ይጻፉልኝ፤ በእርስዎ ስም እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። የላኩልኝ ደብዳቤ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ፊደሉ የጣት ያህል ነው፤ አንዳንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቷል። ዱሮ እንዲህ አይጽፉም ነበር። ምነው?

ልጅዎ ውባንች

ኮኪት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንች፣

ፊደልዎ ተለቀ ያልሽው የብዕሩ ጣጣ ነው። ከሱዳን የመጣ ብዕር ነው፣ ቀለም ይተፋል። በደቃቁ ከጻፍኩ ይጠፋብሻል ብዬ ለአንቺው አሰብኩ። ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

መምህሩ ባለትዳር ነው ብለሻል። ሳልጠይቅሽ መመለስሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእርግጥ ልጠይቅሽ ነበር፤ ቢሆንም።

አጣሪ ልኬ ነበር። ላኪው እኔ ነኝ፣ ተላኪው አብዱረሕማን። ሽንኩርት ጭኖ ጎንደር ሲወጣ በኮሌጁ በር እንዲያልፍ አደረግሁት። ሲመለስ፣

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት።

«ነጭ ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ነው፣ አያ ትዕዛዙ።»

«እጁስ?»

«እጁን ምን አየሁት?»

«እጁን ካላየህ ምን ልታይ ሄድክ?»

«ሽንኩርቴን ላራግፍ ነዋ! አንቱ እኮ ሾፌሩን ሰላይ አደረጉኝ። ሰላይ ቢሆን ደግሞ ይከፈለዋል።»

ይስቃል። የሳቀበት ምክንያት አልገባኝም። ካንቺ ጋር የመከራችሁት ነገር እንዳይኖር።

አሁን ስለ ዝግጅትሽ። ጥያቄ ስጡኝ ብለሻል፣ እሰጥሻለሁ። በመጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂው። ቀጥለሽ ሰሊጥ አጭዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት በሂላው ሥር ስንት ሌሊት እንዳደረ ጠይቂው። ጆንያውን ከየት ይወጋል? ከላይ ብቻ ከሆነ ሌባ ነው፤ ከሥር ብቻ ከሆነም ሌባ ነው፤ አፈር ወደ ሥር ይወርዳልና። ገበሬው «ውሸት ነው» ቢል ማን ይዳኛል? ወጊው ራሱ ነው ዳኛው? ይቺን አጥብቀሽ ያዣት። ከዚያ ደግሞ ትምህርቱ የሚጀመረው መቼ ነው በይው። ጥቅምት ካለሽ፣ ጥቅምት ሰሊጥ አፉን የሚከፍትበት ወር መሆኑን ታውቂያለሽ። ሦስት ቀን ካዘገየሽው መሬት ያጭደዋል። ያን የመረጠ ሰው ወይ ገበሬ አያውቅም፣ ወይ ገበሬ ይጠላል።

ግን ልጄ፣ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ጠያቂው ትክክል አይደለም። ልጅ ስለምትገባበት ቤት ራሷ ሄዳ አትጠይቅም። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፣ ግቡ ሲሉት ይገባል፣ ተቀመጡ ሲሉት አይቀመጥም። ጉዳዩ ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ አይከበርም። ሁለት ዓመትሽን የሚወስድ ቤት ከባል ቤት በምን ያንሳል? አንቺ ብቻሽን ደብተር ይዘሽ ብትገቢ፣ ይቺ ሰው የላትም ይላል።

ይህን አስቢበት። እኔ አስቤበታለሁ።

አባትሽ ትዕዛዙ

ኮኪት፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንች፣

ጎንደር ገብቼ ደጅሽን ሳልረግጥ ተመለስኩ። ይቅር በይኝ። ለጉዳይ የተላከ ሽማግሌ ልጅቷ ዘንድ ጎራ አይልም፤ ወግ ነው።

ሰኞ ነሐሴ 5 ከጎረቤቴ ከአገኘሁና ከንስሐ አባቴ ጋር በአብዱረሕማን መኪና ወጣን። የፍልሰታ ጾም ነው፣ እህል አልቀመስንም። መምህርሽ ቢሮ ገባን። «ተቀመጡ አባቶቼ» አለ። አልተቀመጥንም። እሱም ተነሣና ቆመ። ይቺን ሳያት፣ ሰው ያሳደገው ነው አልኩ በልቤ። የማን ልጅ እንደሆነም በአግባቡ ነገረኝ፤ የበለሳ ሰው ነው።

ነገር ግን የመጣሁት ወሬ ልሰማ አይደለም። በእጄ ሁለት ቋጠሮ ሰሊጥ ይዣለሁ። በቀይ ክር ያሰርኩት ንጹሕ ነው፤ ለዘር ብዬ በገዛ እጄ የለቀምኩት፣ በእንቅብ ያስቀመጥኩት። በጥቁር ክር ያሰርኩት ውስጥ ደግሞ እፍኝ አፈር ጨምሬበታለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ዳኝልኝ አልኩት። ሐቀኛ ከሆነ አንዱን ንጹሕ፣ አንዱን ቆሻሻ ይላል።

ፈትቶ በሳህን ላይ ዘርግቶ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባቴ፣ ሁለቱም ቆሻሻ አላቸው። የቀይ ክሩ ይብሳል።»

አገኘሁ እጄን ያዘኝ። የንስሐ አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለምን እንዳልተናገሩ እስከ አሁን እየጠየቅሁ ነው። እኔ ግን «አንተንና ገብረማርያምን አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ!» ብዬ ወጣሁ። ቋጠሮውንም አልወሰድኩ።

በመንገድ ላይ ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። ስንሄድ ጎርጎራ በር ላይ እግራችንን ልናፍታታ ስንወርድ ቋጠሮዎቹን የያዘልኝ አብዱረሕማን ነው። በቀይ ክሩ ላይ አፈር የጨመረው እሱ ቢሆንስ? አፍ አውጥቼ ጠየቅሁት። መኪናውን አቁሞ አየኝና፣ «አያ ትዕዛዙ፣ ሠላሳ ዓመት እህልዎን ጭኛለሁ» አለ። ሞተሩን አስነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳይረግጥ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ የላክሁት በአውቶቡስ ነው።

ማክሰኞ ቀጠሮው ላይ ሄደሽ ከሆነ የሆነው ሆኗል። ካልሄድሽ አትሂጂ። ዕቃሽን ሰብስበሽ ነይ።

አባትሽ ትዕዛዙ

ጎንደር፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ሄጃለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም ምናልባት እሄድ ነበር።

ቢሮ ስገባ መምህር አሸናፊ «ሽማግሌዎችሽ ትናንት መጥተው ነበር» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አባትሽ ስለቆሙ እኔም ቆምኩ፤ ሃያ ደቂቃ ቆመን ተነጋገርን። ለኔ ቢሮ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ሰው የለም» አሉ። እርስዎ የሰጡኝን ጥያቄ ሁሉ ጠየቅኋቸው። ጆንያው ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከሥርም ይወጋል። ገበሬው ካላመነ ሌላ ናሙና ታሽጎ ይቀመጥለታል፣ ሌላ ሰው ያየዋል። «ወጊው ራሱ ነው ዳኛው?» የሚለውን በራሳቸው ደብተር ላይ ጻፉት። የኔን ስምንት ጥያቄ አልጻፉም።

ከዚያ ቋጠሮዎቹን ሰጡኝ። አባቴ፣ የቀይ ክሩን በነጭ ሳህን ላይ ዘረገፍኩት። አሸዋ አለበት። ጥቁር ፍሬ አለበት። የአይጥ ኩስ አለበት። አብዱረሕማን የአይጥ ኩስ ይዞ አይዞርም። ይህ ከእንቅቡ የመጣ ነው፤ እርስዎ እየለቀሙ ያልታየዎት ነው።

ስለ ዝምታዬ ጠይቀውኝ ነበር፤ አሁን ልመልስ። ባለፈው ኅዳር ገብረማርያም ሳህኑን ሲዘረጋ አይቼዋለሁ። እውነቱን ነበር የተናገረው። አርባውም ጆንያ ቆሻሻ ነበር። በሕዝብ ፊት እርስዎን ማሳፈር አልቻልኩም፤ ሰውዬውም ሌባ ተብሎ ሲሰደብ ዝም አልኩ። ይህን ትምህርት የፈለግሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሳያሳፍር እውነት የሚናገር መመርመሪያ ካለ ልማረው ብዬ ነው።

ምዝገባው መስከረም 12 ይዘጋል። ትምህርቱ ጥቅምት ይጀመራል፣ እንደፈሩት። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፦ ዓይንዎ ያያል? ደብዳቤዬንስ ማነው የሚያነብልዎት? አያይም ካሉኝ በአጨዳው ላይ ማን እንደሚቆም አብረን እንመክራለን፣ እኔም እመዘገባለሁ። ከደበቁኝ ግን አልመዘገብም። ማየት የማይችል ሰው፣ አያለሁ እያለ፣ በማጭድና በሳሉግ መሃል ብቻውን ትቼ አልማርም። ተመልሼ እመጣለሁ፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

ልጅዎ ውባንች

ኮኪት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንች፣

ደብዳቤሽ በአውቶቡሱ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጥፋትሽን አምነሽ ይቅርታ መጠየቅሽ የባፈና ልጅ መሆንሽን ያሳያል። መምህሩ ሌባ መሆኑን ማመንሽም ደስ አሰኝቶኛል። ስለ አብዱረሕማን የጻፍሽውንም አይቻለሁ፤ እኔም እንዲያው ነው ያሰብኩት።

የምትመጪበትን ቀን ላኪብኝ። አረሙ ደህና ነው።

አባትሽ ትዕዛዙ

ጎንደር፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ደብዳቤዬን አላነበቡትም። ይቅርታ አልጠየቅሁም። መምህሩን ሌባ አላልኩም። ስለ አብዱረሕማን የጻፍኩት እርስዎ ካሰቡት ተቃራኒ ነው።

እስከ አሁን የሚያነብልዎት እሱ ነበር፤ ጠይቄው ነገረኝ። እሱን ሲያባርሩ ዓይንዎን ነው ያባረሩት። ይህችን ወረቀት በእሱ እጅ ልኬያለሁ። የቀድሞውን ደብዳቤዬን አውጥተው ይስጡትና ያንብብልዎት። የጠየቅሁዎት አንድ ጥያቄ ነው። በሩን ይክፈቱለት።

ውባንች

ኮኪት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንች፣

አብዱረሕማን አጥሩ ላይ ቆሞ ተጣራ። «አያ ትዕዛዙ! ሌባው መጥቷል! በሩን ይከፍቱልኛል ወይስ ከዚሁ ሆኜ ጮክ ብዬ ላንብበው፣ ጎረቤቱም ይስማ?»

«ግባ፣ አፍህን ዝጋ» አልኩት።

«አፌን ከዘጋሁ በምን ላነብልዎት ነው?»

ገባ። ረጅሙን አነበበ። ዘልለሃል አልኩት፤ ደግሞ አነበበ። አሁንም ዘልለሃል አልኩት። በሦስተኛው ወረቀቱን አጣጥፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠና፣ «አልዘለልኩም፤ እርስዎ ነዎት ሌላ ነገር እንዲኖርበት የፈለጉት» አለኝ። ተነሥቶ ግን አልሄደም፤ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ቤቴ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። አያይም። የግራው ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጉም እንደገባበት ቆላ ነው። የቀኙ ዘንድሮ ተከተለው። ሰሊጡን የምለየው በጣቴ ነው፤ ጣት ደግሞ አሸዋን ፍሬ ነው ይላል። ስጽፍ ወረቀቱ ላይ ክር እወጥራለሁ፣ በክሩ ላይ ብዕሩን አስኬዳለሁ። ብዕሩ ምንም አልሆነም። አገኘሁና የንስሐ አባቴ በመምህሩ ቢሮ ዝም ያሉት ሳህኑን ስላዩ ነው፤ አንቺም ኅዳር ላይ ዝም ያልሽው በዚሁ ነው። ይህን ያህል ሰው በኔ ላይ ሲመክር ምክሩ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ኖርኩ፤ ለካ ምክሩ እኔን እንዳላፍር መሸፈን ነው። መሸፈኑንም አልወደድኩትም። ለሌላ ጊዜ ፊት ለፊት ንገሪኝ፤ እቆጣለሁ፣ ግን ንገሪኝ።

ተመዝገቢ። መስከረም 12 አትጠብቂ፤ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሂጂ። የመጨረሻ ቀን የሚጠብቅ ሰው መንገድ ይዘጋበታል። ክፍሉ ሲሰጥሽ መስኮቱ ወዴት እንደሆነ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ አይተሽ ላኪብኝ። መምህሩን አምኜዋለሁ፤ ኮሌጁን ገና አላመንኩትም።

አጨዳውን አታስቢ። አገኘሁ ይቆምልኛል። እኔም ዘንቢል ይዤ ከኋላ እሄዳለሁ፤ የቸኮለ ሳሉግ በእግሩ ድምፅ ይታወቃል። ካንቺ ላይ የሚጫን ነገር የለም። ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ፤ እንዳትረሺብኝ እጽፍልሻለሁ፣ እንዳትነኪብኝም።

ገብረማርያም አለብኝ። በሕዝብ ፊት ሰድቤዋለሁና በሕዝብ ፊት ነው የምከፍለው። በገበያ ቀን ድንጋይ ተሸክሜ መጋዘኑ በር ላይ እቆምለታለሁ። አገኘሁ ትንሽ ድንጋይ ልምረጥልዎ ብሎኝ ነበር፤ ስድቡ ትንሽ አልነበረም ብዬዋለሁ።

መምህሩ አለብኝ። ቆሜ ገብቼ ቆሜ የወጣሁበትን ቢሮ ተመልሼ እገባበታለሁ፣ ተቀመጡ ሲለኝም እቀመጣለሁ። ይህን ለእሱ አትንገሪው፤ አንቺ ከነገርሽው የኔ አይሆንም።

አብዱረሕማን አለብኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አለኝ፤ በአፍ ያለቀ ነገር ግን አላለቀም። ጥር ላይ ልጁን ይድራል። የሰርጉን ውሃ ሦስት ቀን እኔ እቀዳለሁ። «ዓይን የሌለው ውሃ ቀጂ ድግሴን ጭቃ ሊያደርገው!» ብሎ ሳቀብኝ። ጉድጓዱን እግሬ ያውቀዋል።

አገኘሁ አለብኝ፣ ወንፈሉ። በኔ ሰሊጥ ላይ የቆመበትን ቀን ሁሉ በእሱ ማሽላ ላይ እከፍላለሁ። ማማው ላይ ወጥቼ ወፍ አባርርለታለሁ። ለወፍ ዓይን አያስፈልግም፣ ጉሮሮ ነው።

ዓይኔም አለብኝ። አብዱረሕማን ሞራ ነው፣ ጎንደር ያወጡታል ይላል። ሐኪሙ የማን ልጅ እንደሆነ አላጣራሁም፤ ቢሆንም ሰሊጡ ከገባ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ብቻዬን እመጣለሁ። መናኸሪያ ወጥተሽ እጄን እንዳትይዢኝ። አልቀርም ካልሽ ቁሚ፤ ግን እንዳላይሽ ራቅ ብለሽ ቁሚ። አሁንማ ብዙ መራቅ አያስፈልግሽም።

አባትሽ ትዕዛዙ አለነ